ሥራን ሳይለቁ መማር፣ ትምህርትን ሳያቋርጡ መሥራት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማህበራት ሠራተኞችና ለአባላት ልጆች የቀረበ ንግግር)





የምሥረታ በዓል ሲከበር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ኩንታልና ስለ ብር ነው። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ፣ ስንት ኩንታል እህል ተገዛ፣ ካፒታሉ ከስንት ተነሥቶ ስንት ደረሰ የሚለው የአባላቱ የላብ ውጤት በመሆኑ መነገሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ኩንታል የመዘነ፣ የመዘገበ፣ በመጋዘን ያስቀመጠና ሒሳቡን የዘጋ ሰው አለ። ይህ ንግግር የሚያተኩረው በዚያ ሰውና ነገ እርሱን በሚተኩት የአርሶ አደር ልጆች ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። በብዙ የደጋ አካባቢዎች የአንድ ቤተሰብ ይዞታ 1 ሄክታር እንኳ አይሞላም። አምስት ልጆች ያሉት አባት ይህን መሬት ለአምስት ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሬ አዙሮ ለማረስ እንኳ አይበቃም። በመሆኑም ወላጅ ተስፋውን በትምህርት ላይ ይጥላል፤ ልጁም እስከ 12ኛ ክፍል ይማራል። ከዚያስ? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዙር 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። የማካካሻ ትምህርት ዕድል ያገኙ ቢኖሩም የሚበዛው ወጣት ወደ ወላጁ ቤት ተመልሷል። ያ ወጣት በየቀበሌው አለ። አንዳንዱ ወደ ከተማ፣ አንዳንዷም ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ታስባለች። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ወደቀ» የሚል ነው። ይህ ቃል ከፈተናው ውጤት ይልቅ የሚጎዳ ይመስላል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ የተዘጋ ያስመስለዋል።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። ከዩኒቨርሲቲ በር ሌላ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል አለ። የቴክኒክና ሞያ ትምህርት በደረጃ ተከፍሎ የሚሰጥ ሲሆን በእያንዳንዱ ደረጃ ማብቂያ የብቃት ምዘና አለ። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ምዘናው የተዘጋጀው ኮሌጅ ገብተው ለተማሩት ብቻ አይደለም። ሞያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ተመዝግቦ መመዘንና ካለፈ የምስክር ወረቀቱን መያዝ ይችላል። ስድስትና ሰባት ዓመት ትራክተር ሲጠግን የኖረ ወጣት ያለ ወረቀት «ረዳት» እየተባለ የረዳት ደመወዝ መብላቱ የሚቀርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ለመሆኑ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማህበር ዙሪያ ምን ሞያ አለ? ወጣቱ ሲጠየቅ የሚመጣለት የሥራ አስኪያጅ ወንበር ነው። ወንበሩ አንድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው። የመጋዘን ሥራ ለምሳሌ ከቁልፍ መያዝ የሚያልፍ ነገር የለውም ተብሎ ይናቃል። በእርግጥ ግን የእህልን እርጥበት በመለኪያ መሣሪያ የሚያነብ፣ በቆሎው ከ13 በመቶ ብዙ ርቆ እርጥብ ከሆነ እንደሚሻግት የሚያውቅ፣ ጆንያውን ከግድግዳና ከወለል አርቆ በርብራብ ላይ የሚደረድር ሰው የማህበሩን ሀብት እያዳነ ነው። ነቀዝ ለመግደል የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የሚያወጣው ጋዝ ሰውንም የሚገድል በመሆኑ ያለ ሥልጠና ሊነካ አይገባም። ይህን የሠለጠነ ሰው ደግሞ በዱቄት ፋብሪካውም፣ በእህል ነጋዴውም፣ በእርዳታ ድርጅቱም ይፈለጋል።

የኮምባይነር ሥራም አለ። ስንዴ አብቃይ በሆኑት የአርሲና የባሌ ወረዳዎች እንደሚታየው ኦፕሬተሩና ረዳቱ ሥራ የሚበዛባቸው በአጨዳ ወራት ነው። የቀረው የዓመቱ ክፍል ለብዙዎቹ የሥራ ፈትነት ጊዜ ሆኖ ያልፋል። ሆኖም ይኸው ጊዜ የሞተርና የሃይድሮሊክ ትምህርት የሚቀሰምበት ሊሆን ይችል ነበር። ከብት አዳቃይ ባለሙያ፣ የዘር ብዜት ተቆጣጣሪ፣ የማር ማጣሪያ ሠራተኛ፣ ቡና ባለበት አካባቢም ቡና ቀማሽ እያሉ መቁጠር ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ግን የጎደለው የሒሳብ ሰው ነው። ሒሳቡ በወቅቱ ያልተዘጋና ኦዲት ያልተደረገ ማህበር ትርፍ ማከፋፈል አይችልም። አባሉ ዓመቱን ሙሉ ምርቱን ለማህበሩ አስረክቦ «የትርፍ ክፍፍሉ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው በአንድ ያልተሟላ መዝገብና በተበታተኑ ደረሰኞች ውስጥ ነው። ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል። አንዳንዴ እውነትም ተበልቶ ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ ሳለ መዝጋቢው ደቢትና ክሬዲትን በወጉ ስለማያውቅ ብቻ እምነት ይጠፋል። የጠፋ እምነት ደግሞ አባሉ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱን ለነጋዴ እንዲሸጥ ያደርገዋል። ስለዚህ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ተማረች ሲባል ነገሩ የእርሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እስቲ አንዲት እንዲህ ያለች የመሠረታዊ ማህበር ሒሳብ ሠራተኛ ትታሰብ። 12ኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላመጣችም። ማህበሩ የቀጠራት ጽሕፈቷ ጥሩ ስለሆነ ነው። መማር ትፈልጋለች፤ ሥራውን ብትለቅ ግን ቤቱን የሚደጉም የለም። ምን ብታደርግ ይሻላል?

በመጀመሪያ የሥራዋን ዓመት እንደ እርሻ ዓመት ብታየው ይበጃታል። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይሰራጫል፤ በተጨማሪም የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ደብተር እገልጣለሁ ብትል ራሷን ማታለል ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ የእህል ግዢ አለ። የቀሩት ወራት፣ ማለትም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር እንዲሁም መጋቢትና ሚያዝያ፣ የእርሷ የትምህርት ወራት ናቸው። ስትመዘገብ በነዚህ ወራት ሊያልቅ የሚችለውን ያህል ኮርስ ብቻ ብትይዝ ይመረጣል። አምስት ኮርስ ይዞ ሦስቱን ከመድገም ሁለት ይዞ ሁለቱን ማለፍ ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባል። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለው ትምህርት በዚህ አካሄድ ስድስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ስድስቱ ዓመት ብትማርም ባትማርም ማለፉ አይቀርምና።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ በእንዲህ ያለ ንግግር ላይ ሳይጠቀስ አያልፍም። እንቁላሉ ግን የምትታቀፈው ዶሮ ያስፈልገዋል፤ ብቻውን ቢተው ይበላሻል እንጂ አይሄድም። ለተማሪዋም ያ ሙቀት የቤተሰቡ ፈቃድ ነው። ከማህበሩ ቢሮ ወጥታ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ታናናሾቿን የምታበላው እርሷው ከሆነች የትኛውም የጥናት ፕሮግራም ወረቀት ላይ ይቀራል። ወንድሟ ከኮሌጅ ሲመጣ «ተማሪ ነው፣ አትረብሹት» የሚባልበት ቤት ለእርሷም ያንኑ ማለት ይኖርበታል። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ያውም ጎሕ ሳይቀድ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሳምንቱ መጨረሻም አራት ሰዓት ብታገኝ በሳምንት 14 ሰዓት ይሆናል። ለሁለት ኮርስ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር የት መማር እንዳለባት መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቃጥሏል። የርቀት ትምህርት ለገጠር ሠራተኛ ከሁሉ የሚመቸው ቢሆንም ጥራቱ ሲያነጋግር የኖረ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የርቀት ትምህርትን አግዶ በኋላ መስፈርቱን ለሚያሟሉ እንደገና የፈቀደውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለትምህርት ዘርፉና ለካምፓሱ ሲሆን የተወሰነ ዘመንም አለው። አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ በአካውንቲንግ ተፈቅዶለት በወረዳው ከተማ የከፈተው ቅርንጫፍ ላይፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ የምዝገባ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ለዲግሪ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ለደረጃ ትምህርት ከክልሉ የሚመለከተው ቢሮ ማጣራት አለባት። «ፈቃዱ በሒደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከተሰጣት ገንዘቧን ይዛ ብትመለስ ይሻላል።

ዲግሪ ለሚማሩ ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያገኘው የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ነው፤ በመደበኛም፣ በማታም፣ በርቀትም የተማረ ከዚህ አያመልጥም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ነበሩ። ወረቀት በመግዛት ሞያ ይገኛል ብሎ ያሰበ ሰው ዘመኑ አልፎበታል። ደግሞም መልካም ሆነ፤ የማህበሩን ሒሳብ የሚዘጋው ወረቀቱ አልነበረምና።

ከዲግሪና ከደረጃ ሌላ አጫጭር ሥልጠናዎችን አለመናቅ ነው። በአርሲ የሚገኘው የአርዳይታ ኮሌጅ በኅብረት ሥራ ሞያ ሲያሠለጥን የኖረ ነው። በኮምፒዩተር ኤክሴልና ፒችትሪ የሚሠራ ሰው በወረዳ ከተማ ውስጥ ሥራ አያጣም። እነዚህን ለመልመድ ደግሞ ዓመታት አያስፈልጉም፤ ሳምንታትና በየቀኑ የሚነካ ኮምፒዩተር ይበቃሉ። የሚማሩትን በዚያው ሳምንት በሥራ ላይ ማዋል ከሁሉ የተሻለ የጥናት ዘዴ ነው። ስለ ዋጋ ቅነሳ የተማረች ሒሳብ ሠራተኛ በሚቀጥለው ቀን የማህበሩን የወፍጮ ቤት መዝገብ ብትከፍትና የወፍጮውን ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ብታካፍል ምዕራፉን በቃሏ መሸምደድ አያስፈልጋትም።

ይህ ሁሉ የተነገረው ለሠራተኛው ነው። ማህበሩስ? የኅብረት ሥራ ንቅናቄ መነሻ ተደርገው የሚጠቀሱት በእንግሊዝ አገር የሮችዴል ከተማ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1844 ሱቃቸውን ሲከፍቱ የቀን ሥራ ስለነበረባቸው የሚሸጡት በሳምንት የተወሰኑ ማታዎች ብቻ ነበር። እነዚሁ ሰዎች አሥር ዓመት እንኳ ሳይቆዩ የማንበቢያ ክፍልና ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ፤ በ1854 ደግሞ ከትርፋቸው 2.5 በመቶ ለትምህርት እንዲውል በደንባቸው አስገቡ። ዛሬም ትምህርትና ሥልጠና በዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት ከተቀመጡት ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ነው። በየጉባኤው መርሆዎቹ በቃል ይወጣሉ፤ ወደ በጀቱ ሲመጣ ግን «ሥልጠና» በሚለው መስመር ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የስብሰባ አበል ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀን ነው። የትምህርት ፈቃድ ግን ለኅብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ የተተወ ነው። ይህም ማለት ማህበሩ በደንቡ ካልጻፈው ሠራተኛዋ የምትለምነው ነገር ይሆናል እንጂ የምትጠይቀው አይሆንም። በደንብ ሲጻፍ ደግሞ ማህበሩም ይጠቀማል፤ ክፍያውን የሸፈነላት ሠራተኛ ከተመረቀች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንድታገለግል በውል መስማማት ይቻላል። ውሉ ግን ሰውን አሥሮ የሚያስቀር መሆን የለበትም። ለአንድ ዓመት ክፍያ የአምስት ዓመት አገልግሎት የሚጠይቅ ማህበር ሠራተኛዋን ሳትማር ያባርራታል።

ብዙ የሥራ አመራር ኮሚቴዎች «ተምራ ትሄድብናለች» ይላሉ። ልትሄድ ትችላለች። የሚሄዱት ሁሉ ግን ወደ ጨረቃ አይሄዱም፤ አንዷ ወደ ዩኒየኑ፣ ሌላዋ ወደ ወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላዋም ወደ ባንክ ትሄዳለች። ማህበሩ ነገ ብድር ሲጠይቅ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የሚያገኛት እርሷን ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚቀለው፣ ገንዘብም የማይጠይቀው ሥራ አንድን የሥራ ቦታ ሁለት ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ አቆራረጥን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ የመጋዘን ካርድን ቢያውቁ አንዱ ለፈተና ሲሄድ ማህበሩ አይዘጋም። ገንዘብ መቀበልና መመዝገብ ግን በአንድ እጅ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይህ የቁጥጥር ሀሁ ነው። የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከመድረሱ በፊት በእያንዳንዱ ማህበር ማን ምን እየተማረ እንደሆነ፣ የፈተናው ቀን መቼ እንደሚውልና በዚያ ቀን ቁልፉን ማን እንደሚይዝ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጠፍ ለጅምሩ ይበቃል።