ልጆቻችን ስልኩ ውስጥ የት ነው የሚውሉት?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ተነሥቶ ስለ ቲክቶክና ስለ ቴሌግራም ሲያወራ የሚገርማት ልትኖር ትችላለች። የእኛ ሥራ የቁጠባ ደብተር ነው። ግን ዘንድሮ ቁጠባ ስናስታርቅ የስልክ መልእክት ስናገላብጥ የቆየንበት ጊዜ ብር ከቆጠርንበት ይበልጣል። ብዙዎቻችን ቁጠባችንን በቴሌብር እናስገባለን። ማንበብ ለሚቸግረን የገባውንና የወጣውን የሚያነብልን ልጃችን ነው። ያው ልጅ በዚያው ስልክ ቲክቶክ ያያል። አንዱ ስልክ የእናት ቦርሳም የልጅ ደብተርም ሆኗል፤ በዚህ ምክንያት ጉዳዩ እኛ ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ደጋፊዎቻችን አምና ሲጎበኙን «ለልጅ ስልክ ለምን ይሰጣል?» ብለው ጠይቀውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ብዙዎቹ የቤት ሥራውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ፣ በቴሌግራም መላኩ ግን አልቀረም። ዛሬም ወርክሺቱም፣ የፈተናው ፕሮግራምም፣ የወላጅ ስብሰባው ጥሪም በዚያው ይመጣል። ስለዚህ ስልኩን ነጥቆ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ለብዙዎቻችን አያዋጣም፤ የልጁ ትምህርትም አብሮ ይቆለፋል።

እንግዲህ ልጆቹ የሚውሉባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እንያቸው፤ ሁሉም «ማኅበራዊ ሚዲያ» ይባሉ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

የእኛ ትውልድ የሚያውቀው ፌስቡክን ነው። እዚያ በብዛት የምናየው የምናውቀውን ሰው ነው፦ የጎረቤት ሠርግ፣ የዘመድ ልቅሶ፣ ቤሩት ያለች እህታችንን ፎቶ። ቲክቶክ እንዲህ አይደለም። ልጁ ማንንም ባይከተል፣ ምንም ባይፈልግ ቪዲዮው ይመጣለታል። መተግበሪያው የሚከታተለው ጣቱንና ጊዜውን ነው፦ የትኛውን እስከ መጨረሻ አየ፣ የትኛውን ዘለለ፣ የትኛውን ደገመ፣ የትኛውን ለጓደኛው ላከ። ቀጣዩን የሚመርጥለት በዚያ ነው። መርካቶ ያለ ጎበዝ ነጋዴ ዓይናችን የት እንዳረፈ አይቶ «ይሄኛውን ነው የፈለግሽው?» እንደሚለን ማለት ነው። ይሄኛው ነጋዴ ግን ትናንት ያየነውንም ያለፈው ወሩንም አይረሳም።

በትምህርት ኮሚቴው ስብሰባ ላይ የአንዲት እናትና የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ስልክ ጎን ለጎን አድርገን ቲክቶክን ከፈትን። የእናትየው መዝሙር፣ የዶሮ ወጥ አሠራር፣ ደግሞ መዝሙር ነው። የልጁ የመኪና ውድድር፣ የሚሰዳደቡ ሰዎች፣ «በሳምንት ሀብታም ሁን» የሚል ወጣት። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ዓለም ይህን ያህል ይለያያል። «እኔም ቲክቶክ አለኝ፤ ምንም መጥፎ ነገር የለውም» የምትል እናት እውነቷን ነው፤ የተናገረችው ግን ስለ ራሷ ስልክ ነው።

ቴሌግራም ደግሞ ሁለት ነገር አለው። ቻናል አንዱ የሚናገርበት ሌላው የሚያዳምጥበት ነው፤ እንደ ሬድዮ ቁጠሩት። ግሩፕ ሁሉም የሚነጋገርበት ነው። ግሩፕ ስንል የክፍል ልጆች 40 ሆነው የሚያወሩበትን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ልጅዎ «የማትሪክ ጥያቄ የሚለቀቅበት ግሩፕ ነው» ሲልዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ስሙን ነክቶ በግል ሊጽፍለት ይችላል። ክፉ ነገር በብዛት የሚመጣው በዚህ በግል በኩል ነው። ግሩፑ ላይ ሁሉም ስለሚያይ ሰው ይጠነቀቃል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እነዚህ መተግበሪያዎች ለልጆች ያስቀመጡት መከላከያ አላቸው። ቲክቶክም ፌስቡክም ኢንስታግራምም ከ13 ዓመት በታች አይፈቅዱም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የግል መልእክትን ይዘጋል፤ አካውንቱንም ከጅምሩ የግል ያደርገዋል። በቀጥታ ማስተላለፍ፣ ልጆቹ ላይቭ የሚሉት፣ ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ምን አሳሰበን? መከላከያው በአብዛኛው የተንጠለጠለው አካውንቱ ሲከፈት በተጻፈችው የልደት ዓመት ላይ ነው። ዓመቷን ደግሞ የሚጽፋት ልጁ ራሱ ነው።

አውቆ የሚዋሽ ልጅ አለ፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የገረመን ግን ሳይዋሽ የሚሳሳተው ነው። መተግበሪያው የሚጠይቀው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በ2004 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ዘንድሮ 14 ዓመቷ ነው። በልደት ካርዷ ላይ ያየችውን 2004 እንዳለ ብታስገባው ስልኩ የሚያውቃት የ21 ወይም የ22 ዓመት ወጣት አድርጎ ነው። ልጅቱ አንዲት ቃል አልዋሸችም፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱ ነው ያሳደጋት። ከዚያ በኋላ የማታውቀው ሰው ሊጽፍላት ይችላል፣ ላይቭ መግባት ትችላለች፣ የሚመጣላትም ቪዲዮ ለአዋቂ የሚመጣው ነው። በእናት ስልክ፣ እናትየው በከፈተችው አካውንት የሚያይ ልጅም እንዲሁ ነው፤ መተግበሪያው የሚያውቀው የ40 ዓመት ሴት ነው።

ይህን የምናነሣው ሒሳብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ፊደል ባትቆጥርም ልጇን «የልደት ዓመትሽን ምን ብለሽ ነው ያስገባሽው? እስቲ አሳዪኝ» ማለት ትችላለች። ዓመቱ ከተሳሳተ መልሶ ማስተካከሉ አታካች ነው፤ በትክክለኛው ዓመት አዲስ አካውንት መክፈት ይቀላል። ተከታዮቿን ስለምታጣ ለጥቂት ቀን ታኮርፋለች። ታኩርፍ።

ስለ ላይቭ በገንዘብ በኩል እንናገር፤ እዚህ ጋ ሙያችን ነው። ላይቭ ላይ ተመልካች ስጦታ ይልካል። ስጦታው በኮይን ነው፣ ኮይኑ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፣ ካምፓኒውም ከስጦታው ድርሻውን ይወስዳል። አንዷ ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት። ልጆቹ ሲጮኹለት የምትሰሙት አንበሳ 29,999 ኮይን ነው፤ ያንን ለመግዛት ከ300 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይወጣል። ወደ ብር ቀይረን ስናየው ቢሮው ውስጥ ለጊዜው ማንም አልተናገረም። መላኩም ከ18 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ ግን እንዳልነው በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች ዓመት ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም ሐምስተሯን ሲነካኩ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። እሷ ጣት ብታደክም እንጂ ብር አልጠየቀችም። በኋላ እሷን መስለው የመጡት ግን «መጀመሪያ ይህን ያህል አስገባ፣ እጥፍ ታገኛለህ» የሚሉ ናቸው። ይህ የሚያስፈራን እኛን ነው፤ ምክንያቱም የእናቱን የሚስጥር ቁጥር የሚያውቅ ልጅ በየቤቱ አለ።

አሁን የምንነግራችሁን ባለቤቷ እናት ፈቅዳልን ነው፤ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጠናል። አንዲት አባላችን ሁለት ወር ተከታትሎ ቁጠባዋ ጎደለና ወደ ሒሳብ ክፍል መጣች። «አስገብቻለሁ» ትላለች፤ ደብተሩ የለም ይላል። የስልኳን መልእክት አብረን አየን። 200 ብር፣ 300 ብር፣ እንደገና 200፣ ከዚያ 500፤ ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት። እሷ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት፤ ስልኳ ቤት ነው የሚውለው።

የ15 ዓመት ልጇ ነበረች የምትልከው። የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ ካለቻት «ሴት ልጅ» ጋር ለሳምንታት ተጻጽፋለች፤ ስለ ፈተና፣ ስለ ልብስ፣ ስለ እናት ቁጣ። ከዚያ ፎቶ ተለዋወጡ፤ ቀጥሎ ሌላ ዓይነት ፎቶ ተጠየቀች፣ ላከች። በማግስቱ «ልጅቱ» ሰውዬ ሆነች፦ «ካልከፈልሽ ለእናትሽና ለክፍልሽ ግሩፕ እልከዋለሁ።» በከፈለች ቁጥር ዋጋው ጨመረ። ልጅቱ በመጨረሻ የተናገረችው ለአክስቷ ነው። ለእናቷ ለምን እንዳልነገረች ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ አጭር ነው፦ «እማዬ በዚህ ስልክ አንድ ነገር ብሰማ እሰብረዋለሁ፣ አንቺንም አልምርሽም ብላኛለች።»

እናትየው እንደማናችንም ናት፤ ይህን ዓይነት ቃል ያልወጣበት ቤት ያለ አይመስለንም፤ ስንናገረውም ልጅ ለመጠበቅ ብለን ነው። ሰውየው ግን የሚነግደው በዚህች ቃል ነው። ፎቶው በራሱ ብር አያወጣም፤ ብር የሚያወጣው ልጅቱ ለእናቷ መናገር አለመቻሏ ነው። እናትየው በመጀመሪያው ቀን ብታውቅ ኖሮ ከ200 ብር በላይ ባልሄደ ነበር፤ ልጅቱም ሁለት ወር ሙሉ ብቻዋን ይህን ተሸክማ ባልዋለች።

ከዚያ የተደረገው ይህ ነው። አንድም ብር ሳይጨመር መክፈሉ ቆመ። መልእክቶቹ ሳይጠፉ ስክሪንሾት ተነሡ፣ የገንዘብ መላኪያው መልእክትም አብሮ ተቀመጠ። አካውንቱ ሪፖርት ተደርጎ ብሎክ ተደረገ። እናትና አክስት ማስረጃውን ይዘው ፖሊስ ጋ ሄዱ። በሰው ምስል ማስፈራራትም፣ የልጅን ራቁት ምስል መያዝና ማሰራጨትም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ናቸው፤ ፎቶውን ራሷ ስለላከች የሰውየው ወንጀል አይቀርም። ሰውየው እስካሁን አልተያዘም። ፎቶውም ለማንም አልደረሰም፤ ቢደርስ ኖሮም እናቷ አጠገቧ ነበረች።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልክ ከመንጠቅ ይልቅ «እስቲ የምታዪውን አሳዪኝ» ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። የምታዩት አስቂኝ ቢሆን ሳቁ። የማይሆን ነገር ብታዩም በዚያ ቀን አትቆጡ፤ ለሌላ ቀን አቆዩት። እንዲሁም በግልጽ ንገሯት፦ «ማንም አስፈራርቶሽ ብትነግሪኝ ስልክሽን አልወስድም።» ይህን ካላችሁ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ፤ አንዴ ከፈረሰ ሁለተኛ አይታመንም።

በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ» የሚለውን «ማንም» ላይ፣ «ወደ ግሩፕ ማን ያስገባኝ» የሚለውን «የማውቃቸው» ላይ ማድረግ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። በስልክ የመጣ ኮድ ለማንም፣ በጓደኛ ስም ለሚጠይቅም ቢሆን አይነገርም፤ አካውንት የሚሰረቀው በእሱ ነው። ቲክቶክ ላይ የእናትና የልጅን አካውንት ማያያዣ አለ፤ እናትየው የልጁን ሰዓትና ማን ሊጽፍለት እንደሚችል ከራሷ ስልክ ትወስናለች። የደንብ ልብሱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም የሚነበብ ፎቶም ለማያውቅ ሰው አድራሻ ነው፤ የምትለጥፉትን ከዚህ አንጻር እዩት።

የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ዛሬውኑ ቀይሩ። አዲሱን በቃላችሁ ያዙ እንጂ ለልጅ አታስይዙ። ልጁ መልእክቱን ያንብብላችሁ፤ ማንበብና መላክ ይለያያሉ። ቁጥር መያዝ የሚከብዳችሁ እናቶች ወደ ቢሮ ብቅ በሉ፤ ቁጥሩን ሳንጠይቃችሁ እንዴት እንደሚያዝ እናለማምዳችኋለን።

ለአንድ ወር በየቅዳሜው ከቁጠባ መሰብሰቢያው ሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ እንቆያለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አስተማሪዎቹ እነሱ ይሆናሉ፣ ሻይና ዳቦ አለ።  ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የልጃችሁን ስልክ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ወደ ፊት ኑና ዓመቷን አብረን እንይ።