በሊሙሩ ብርድ፦ ጓሮና ወፎቹ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ ስለ ሱቅ ሥራ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። የሱቁን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዱቤውንም ጭምር። ስለዚህ አስፈቅጄ ስለ ጓሮ ልናገር ነው።

አብዛኞቻችን እ.ኤ.አ. በ1991 እና ከዚያ ወዲህ ድንበር ተሻግረን የመጣን ነን። ናይሮቢ መሸጋገሪያችን ነበረች። «ፕሮሰሳችን ዛሬ ነገ ያልቃል» እያልን ደህና ፍራሽ እንኳ ሳንገዛ ስንት ዓመት ተኛን! እንዲህ ያለ ሰው ዛፍ አይተክልም። አንዳንዱ አሜሪካ ገባ፣ አንዳንዱ ካናዳ። የቀረነው ደግሞ ልጆች ወለድን፣ ሱቅ ከፈትን፣ አንዳንዶቻችን የልጅ ልጅ አየን። ጓሯችን ግን አሁንም እንደዚያው ነው፤ አጥር ሥር የተሰበረ ወንበርና ባዶ ጀሪካን። «የኪራይ ቤት ነው» ይባላል። የእኔም የኪራይ ቤት ነው።

የምኖረው ሊሙሩ ነው። ከፍታው ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። በኬንያ ምድር ሻይ መጀመሪያ የተተከለው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1903። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሣም፣ ካፊያውም አያባራም። ካኩማን የሚያውቅ ሰው ይህን ብርድ እንደ ጸጋ ሊቆጥረው ይገባል። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ጎረቤቶቻችን ካፖርት ደርበው ሲንቀጠቀጡ «ይሄም ብርድ ሆኖ ነው?» ትላለች።

እናቴ የመጣችው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። እኔ ወደ ሱቅ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ቋንቋውን ከማታውቀው ቴሌቪዥን ፊት። ሁለት ጊዜ «መልሰኝ» ብላኛለች። በሦስተኛው ግን «ዶማ አምጣልኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ መመለስ ስትናገር «ጎመኑ ይድረስና» ትላለች፤ ጎመኑ ደግሞ መቼም አያልቅም።

የሊሙሩ አፈር ቀይና ለሻይ የሚስማማ ነው፤ ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት ግን አመድና ፍግ ይፈልጋል። ጤና አዳም ብርዱን ይወደዋል። በርበሬ እንቢ ብሎናል፤ ቅጠል እንጂ ፍሬ አላየንም። ቲማቲምና ድንች በጉሙ ወቅት ቅጠላቸው እየጠቆረ ይበላሻል፤ በሽታው የሚዛመተው በእርጥበት ስለሆነ ቲማቲሙን ጣሪያው ሥር አስጠግተን ውሃውን ከሥሩ ብቻ እናጠጣዋለን። ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ውርጭ የሚመታው በጉሙ ወቅት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥርና በየካቲት ሌሊት ነው። ጉም እንደ ጋቢ ነው፣ የመሬቱን ሙቀት ያስቀራል። ማታ ኮከቡ ከበዛ ችግኙን በጆንያ እንሸፍናለን።

ቦታ የሌለው ሰው ሃያ ሊትር የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጦ፣ ከሥሩ በስቶ ይትከልበት። ቤት ሲለቅም ይዞት ይሄዳል። ጀሪካኑን እኔ ጋ ታገኛላችሁ፣ በነፃ።

ወፎቹን የጠራቸው ጓሮው ነው። መሬት በቆፈርን ቁጥር ደረቷ ብርቱካንማ፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት አንዲት ወፍ ትል ፍለጋ እግራችን ሥር ትመጣለች። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ትዘምራለች። ይህች ወፍ ኢትዮጵያ ውስጥ የለችም፤ እናቴ «የኬንያዋ» ትላታለች። ጅራታቸው የረዘመ፣ እንደ አይጥ በቅርንጫፍ ውስጥ የሚሹለከለኩት አመድማዎቹ ደግሞ ስማቸው «ሽፍቶቹ» ነው። ቡቃያ ይጨርሳሉ። አሮጌ አጎበር ዘርግተንባቸዋል። ብርድ በጸናበት ጠዋት ግን ሰብሰብ ብለው፣ ተቃቅፈው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሲሞቁ ስታዩ ቂሙ ይጠፋል።

ከሁሉ የምወደው አጥሩ ዳር የተከልነው ሬት ሲያብብ የሚመጣው ነው። ምንቃሩ ቆልማማ፣ ላባው ሲያዩት ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ። የአበባ ማር ይመጥጣል። ከዚህ ወገን የሆኑ ወፎች በብርድ ሌሊት የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ አድርገው ጉልበት ይቆጥባሉ፤ ስለዚህ ጠዋት አበባ ማግኘት አለባቸው። የዚህ ወፍ ስም በመጽሐፍ «ተከዜ» ነው። አዎ፣ በእኛው ወንዝ የተሰየመ፣ የኢትዮጵያንም የኬንያንም ደጋ አገሬ የሚል ወፍ። ልጄ ከትምህርት ቤት ባመጣችው መጽሐፍ አሳየችኝ። አያቷ ይህን ስትሰማ ቆማ እልል አለች።

በጥቅምት ገደማ ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ትናንሽ ወፎች አሉ። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። እውነተኞቹ ትራንዚቶች እነሱ ናቸው፤ ግን አንድ ቀን ሥራ ፈትተው አላየሁም።

ልጆቼ ቤት ውስጥ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነበር የሚቀናቸው። አሁን ኩትኳቶ፣ ቡቃያ፣ እሸት፣ አረም የሚሉትን ቃላት ከአያታቸው ተምረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተማርናቸው ፊደል ያላመጣውን ጓሮው አመጣው፤ አስተማሪዎቻችን እንዳትቀየሙኝ።

አሁን ስለ ጌሾ። ይህን ስናገር የራሴን ገበያ እየዘጋሁ ነው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የምታስመጡት ጌሾ እዚሁ በኬንያ ደጋ ጫካ ዳር በራሱ ይበቅላል፤ ኪኩዩዎች ሙካራኪንጋ ይሉታል። ቀድሞ በነበርንበት ቤት ሦስት እግር ተክዬ ነበር። ቤቱ ተሸጠና በአንድ ወር ውጡ ተባልን። እናቴ «ዛፉን ለማን ትተን ነው?» ብላ አለቀሰች። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ከአጥሩ በላይ አያቸዋለሁ፤ አዲሶቹ ሰዎች አልቆረጧቸውም፣ ምን እንደሆኑም አያውቁም። እኛ ከዚያ በጀሪካን ይዘን የወጣናት አንዲት ችግኝ ደግሞ አሁን ከእኔ ትበልጣለች። ፍሬዋ ሲጠቁር ራሷ ጥቁር፣ ከጅራቷ ሥር ቢጫ የሆነችው ወፍ ትለቅመዋለች፤ ከዚያ አጥሩ ላይ አርፋ ፍሬውን ከኩስ ጋር ትጥለዋለች። ዘንድሮ አጥሩ ሥር ማንም ያልተከለው አርባ የሚያህል የጌሾ ችግኝ በቅሎ አገኘን።

እሱን እናቴና ልጆቹ በባዶ የወተት ካርቶን አድርገው አምጥተውታል፤ በሩ አጠገብ ነው። ሲያልቅ ቅር እንዳይላችሁ፣ ለአንድ ቤት አንድ። ቅጠሉን ለመቁረጥ ጥቂት ዓመት ጠብቁ፣ ገና ለጋ ሳለ አትንኩት። ፌስታል ግን አትጠይቁኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ባለ ሱቅ አታስቀጡ። በእጃችሁ ያዙት።