ጭምት ቀለምና የሠራተኛ ልብስ



ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የተዛወረን የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርድ ነው። ከተማይቱ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ልብስ መደረብ ግድ ነው፤ ደመወዝ ግን ልክ አለው።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ኮት፥ ግራጫና ካኪ ሱሪ፥ ነጭና ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ያለው ሰው፥ ስድስቱን እያለዋወጠ 8 ዓይነት አለባበስ ያገኛል። ቀለማቱ ጭምት ስለ ሆኑ አንዱ ከሌላው አይጣላም። ነገር ግን ኮቱና ሱሪው በቀለም ተቀራርበው አንድ ሳይሆኑ ቢቀሩ፥ በጨለማ የተለበሰ ይመስላል። ወይ ፈጽመው ይመሳሰሉ፥ ወይ በግልጥ ይለያዩ።

ይህ ጥበብ ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በነጭ ኩታ ላይ ጥቁር በርኖስ ሲደርቡ፥ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን ላባ ገብስማ ብለው ሲሰይሙ ያውቁት ነበር።

ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። በሥራ ሰዓት ድንገት የጎረቤት ቀብር ቢሰማ፥ ጭምት ቀለም የለበሰ ሰው ልብስ ልለውጥ ብሎ አይዘገይም፤ ጋቢውን ደርቦ ከለቀስተኛው ጋራ ይቆማል።