የመጠጥ ሱስና የዕድራችን ድርሻ
(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ቀባሪ ያስተባብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው በሕይወት ሳለ ከመካከላችን ስለሚርቀው ሰው፣ ይኸውም ስለ መጠጥ ሱሰኛው ነው።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በየገጠሩም ቢሆን፣ ጠላና አረቄ የማይቀርብበት ድግስ ጥቂት ነው። አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች አሉን፤ ነቀፋችን በእነርሱ ላይ አይደለም። ነገር ግን ጠላና አረቄን አንድ አድርገን አንይ። በጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ከመቶ ጥቂት እጅ ሲሆን፣ ዳግም አረቄ ግን ከመቶ እስከ 40 እጅና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ስለ ሱሰኛው «ልቡን ቢያጠነክር ይተወው ነበር» ስንል እንሰማለን። ሐኪሞች ግን ሱስ በሽታ ነው ይላሉ። ሰውነት አልኮልን ከለመደ በኋላ ሲቀርበት ይታወካል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውየው ጧት ተነሥቶ መለኪያ የሚፈልገው ያንን መንቀጥቀጥ ለማስታገሥ ነው፤ ደስታው ከቀረ ቆይቷል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያቃዠው፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ቤት ዘግቶበት ማስቀመጥ አደጋ አለው። ጠበል የሚሄድም ቢሆን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በከተማችን ሆስፒታል አለ፤ ከበድ ካለም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ይታከማል።

መጠጡን ማቆም የቀናት ሥራ ነው፤ ሳይጠጡ መኖር ግን የዕድሜ ልክ ነው። በአሜሪካ አገር በ1935 እ.ኤ.አ. ከመጠጥ ጋር የታገሉ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ሐኪም፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በብዙ አገር ተስፋፋ። መሰብሰብና መደጋገፍ ለእኛ መች እንግዳ ሆነ?

ታዲያ እኛስ ምን እናደርጋለን? መጠጥ የተወ ጎረቤታችን ለቅሶ ሲደርስ፣ ማኅበር ሲቀመጥ፣ «አንዲት መለኪያ ምን ትጎዳሃለች? ንቀኸን ነው?» እያልን እንገዝተዋለን። የስድስት ወር ትግሉን በአንዲት መለኪያ የምናፈርስበት እኛው ነን። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ አልጠጣም ያለውን ሰው ማንም እንዳያስገድድ፤

2ኛ/ በየድንኳኑ ከጠላው ጎን ውሃና ያልቦካ ብርዝ እንዲቀርብ፤

3ኛ/ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ስለሚከለክል፣ ልጆቻችንን ለአረቄ እንዳንልክ፣ እንዳናስቀምስም፤

4ኛ/ ያገረሸበትን እንዳናሳፍር። በቆላው ወባ ሲያገረሽበት በሰው የሚስቅ የለም፤ እንደ ገና ወደ ሐኪም ይወሰዳል። በሱስም እንደዚሁ ይሁን።

ለቀብሩ የምናዋጣለት ወንድማችን፣ በሕይወቱ ሳለ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ብናቀርብለት አይከብደንም።