የሚንቀጠቀጥ ዐይንና ምናባዊ እውነታ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ የምህንድስና ሙያ የሌላውን ሰው ዐይን ተውሶ ለማየት ያስችላል ወይስ አያስችልም የሚለው ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የቡና አገር የራቀ ይመስላል። ነገር ግን እሸት ቡና የሚለቅመውም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው የሚለየውም ሰው እንጀራውን የሚያገኘው በዐይኑ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የራሳችን ነው።

ኒስታግመስ የሚባለው የዐይን መንቀጥቀጥ፣ ዐይን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት ሁኔታ ነው። ከሕፃንነት ጀምሮ በሚታየው ዓይነት፣ ዐይን በአንድ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ ይንሸራተታል፤ ወዲያውም በፍጥነት ይመለሳል። ይኸው ምልልስ በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይፈጸማል። ባለቤቱ ከሁሉ ይልቅ ጥርት አድርጎ የሚያየው፣ ዐይኑ በምልልሱ መካከል ለቅጽበት ዝግ በሚልበት ጊዜ ነው። አልቢኒዝም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህ መንቀጥቀጥ አለባቸው። ከዚህም ጋር በዐይናቸው ውስጥ ያለው ቀለም አነስተኛ በመሆኑ ብርሃን ይበዛባቸዋል፤ ረቂቅ ነገርን የሚለየው የሬቲና ማእከልም በሚገባ አልዳበረም።

ይህ በቡና አገር ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ለሚለቅም ሰው ብርሃኑ ለስለስ ያለ ነው። ከጥላው ወጥቶ ገላጣ ቦታ ላይ ወዳለው ማድረቂያ አልጋ ሲደርስ ግን ፀሐይ ዐይኑን ታጭበረብረዋለች። ቀዩን ከአረንጓዴው ለመለየት የሚዘገየው፣ ቀለም መለየት ስለተሳነው ሳይሆን፣ ዐይኑን በፍሬው ላይ ለማሳረፍ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ደመወዙ በኪሎ የሚቆጠር ከሆነ ይህ መዘግየት ከኪሱ ይወጣል።

በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ወደ ዐይኑ ያስጠጋል፤ ራሱንም ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያደርጋል። ለብዙዎቹ መንቀጥቀጡ የሚቀንስበት የእይታ አቅጣጫ ስላለ፣ ተማሪው ያንን አቅጣጫ በራሱ አግኝቶታል ማለት ነው። «ራስህን አቅና» ብሎ ማስገደድ ያለችውን የጥራት ዕድል መንጠቅ ይሆናል። ማስጠጋቱም ዐይንን አይጎዳም። በሰው ፊት ቆሞ እንዲያነብ ሲጣደፍ መንቀጥቀጡ ሊብስ ስለሚችል፣ ቁጣ የሚያስከትለው ነገር ቢኖር ንባቡን ማበላሸት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሙያችን እንመለስ። ኢቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚጠለቀውን የምስል ማሳያ ለዓለም ካስተዋወቀበት ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ምናባዊ እውነታ በእጅጉ ረቅቋል። በሴኮንድ 90 ምስል የሚያሳይ መነጽር ዛሬ እንግዳ አይደለም። በሴኮንድ 4 ጊዜ ለሚመላለስ ዐይን፣ ለእያንዳንዱ ምልልስ 22 ያህል ምስል ይደርሳል። ስለዚህ ምስሉን ማወዛወዙ ቀላል ነው።

ከባዱ ነገር የለባሹ ዐይን ነው። ጤናማ ዐይን የሚንቀሳቀስን ምስል ሊከተል ይሞክራል፤ በተከተለውም መጠን የታሰበው መንሸራተት በሬቲናው ላይ ይጎድላል። ይህን ለማስተካከል መነጽሩ የለባሹን ዐይን በካሜራ እየተከታተለ ምስሉን ማረም አለበት። እርማቱ 20 ሚሊ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ 250 ሚሊ ሴኮንድ ከሚፈጀው ምልልስ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህሉ ያመልጣል። ይህ ግን በትጋት ሊቀነስ የሚችል ችግር ነው።

በትጋት የማይቀነስ ሌላ ችግር አለ። መንቀጥቀጡ በአዋቂነት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከራስ ቅል ጉዳት ወይም ከአንጎል ደም ሥር ሕመም በኋላ የመጣበት ሰው፣ ዓለም ስትወዛወዝ ያያል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረው ሰው ግን እንደ ልማዱ ዓለምን ጸጥ ብላ ያያታል፤ አንጎሉ መወዛወዙን አቻችሎታል። እንግዲህ የሚወዛወዝ ምስል ያሳየነው መምህር መነጽሩን አውልቆ «ለካ ተማሪዬ እንዲህ ነው የሚያየው!» ቢል፣ በመሣሪያችን አሳሳትነው እንጂ አላስተማርነውም። ለዚያ ተማሪ ቀረብ የሚለው ምስል የደበዘዘ፣ ብርሃን የበዛበትና ዘግይቶ የሚጠራ ምስል ነው።

ራሷ ዐይነ ስውር የሆነችው አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ አሪየል ሲልቨርማንና ባልደረቦቿ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ያስጠነቅቀናል። ዐይናቸውን ለጥቂት ጊዜ ተሸፍነው ዐይነ ስውርነትን የሞከሩ ሰዎች፣ ዐይነ ስውራን ሠርተው ራሳቸውን ችለው ለመኖር ያላቸውን ችሎታ ዝቅ አድርገው ገምተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሞካሪው የሚቀምሰው የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ እንጂ የዓመታትን ብልሃት አይደለም። ኀዘኔታ ደግሞ ሥራ አያስቀጥርም።

ታዲያ መሣሪያው አይጠቅምም ማለት ነውን? አይደለም። ሰውን ለመመዘን ሳይሆን ሥራችንን ለመመዘን እንጠቀምበት እላለሁ። የጥቁር ሰሌዳው ጽሕፈት ከየት ወንበር ይነበባል? የማድረቂያው አልጋ ጥላ ቢደረግለት የፍሬው ልዩነት ምን ያህል ይጎላል? በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ያለው ምልክት ለመነበብ ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? እነዚህ ሊለኩ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናውን ትምህርት በቴፒ፣ የጤናውን በሚዛን አማን ይዟል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ይሁን እንጂ በጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ ወንበር ሊኖር ይገባል፤ እርሱም መንቀጥቀጡ ያለበት ሰው ወንበር ነው። ምስሉ ትክክል መሆኑን የሚፈርደው፣ ስሕተት ሲሆንም «እንዲህ አይደለም» የሚለው እርሱ ነው። መነጽሩ እስኪገኝም ድረስ ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ጎላ ያለ ጽሕፈት፣ የፊት ወንበርና ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ካሜራም ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ልናደርገው እንችላለን።