ሁለት ሰው በአንድ መልክ
(በፊልም ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ አበው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ምሳሌ ከደቡብ ህንድ፣ ከታሚሎች ሲኒማ የተገኘ ነው። ፊልሙ «ናዶዲ ማንናን» ይባላል፤ ትርጓሜውም ተንከራታቹ ንጉሥ ማለት ነው። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ኤም. ጂ. ራማቻንድራን ገንዘቡን አውጥቶ ፊልሙን አሠራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ዳይሬክተር ሆነ፤ ሁለቱን ዋና ሰዎችም ራሱ ተጫወተ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማርታንዳን የተባለው ንጉሥ ዘውድ ሊጭን ሲል፣ ሥልጣን የጠማው የቤተ መንግሥቱ መምህር ያሴርበታል። በመልክ ቁርጥ እርሱን የሚመስለው የድኾች ታጋይ ቪራንጋን በስፍራው ተተክቶ ዘውዱን ይጭናል። እውነተኛው ንጉሥ በደሴት ይታሰራል። ቪራንጋን በዙፋኑ ተቀምጦ ለድኻው የሚበጅ ሕግ ያውጃል፤ የንጉሡን ሚስት ግን እንደ እኅት ያከብራታል። ዙፋኑን ተረከበ እንጂ ትዳሩን አልደፈረም።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ ያ ሁሉ ሹም እጅ የነሣው ለማን ነው? ለሰውዬው ነው ወይስ ለመልኩ? አንድ ተራ ሰው መልኩ ስለ ተመሳሰለ ብቻ መንገሥ ከቻለ፣ ንጉሥን የሚያነግሠው ደም ነው የሚለው ነገር ይፈርሳል። የሚቀረው መለኪያ ሥራው ነው።

ይህ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ሌላ ነው። ራማቻንድራን አናዱራይ እ.ኤ.አ. በ1949 የመሠረተው የዲ.ኤም.ኬ. ፓርቲ አባል ነበር። የፊልም ኩባንያው ምልክትም የፓርቲውን ባንዲራ ይዞ ይታይ ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ በአዳራሹ የሚሰማው አዋጅ ከወዴት እንደ መጣ አላጣውም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ከፊልሙ ይበልጥ ያስደንቃል። ተዋናዩ እ.ኤ.አ. በ1972 የራሱን ፓርቲ አቋቋመ፤ በ1977 የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆነ፤ በ1987 ሲሞትም በዚያው ሥልጣን ላይ ነበር። ሦስተኛው ልውውጥ በአዳራሹ ሳይሆን በምርጫው ጣቢያ ተደረገ ማለት ነው። «ሕዝቡ ቪራንጋንን መረጠ እንጂ ራማቻንድራንን አልመረጠም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 የተማሪዎችን የምሳ ምገባ አስፋፍቷል፤ በባዶ ሆዱ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ልጅ ይህ የፊልም እንጀራ አይደለም።

እኔ የምለው ይህን ነው። በሲኒማ ቤት ምሥጢሩ አስቀድሞ ይነገረናል፤ ሹማምንቱ ሲታለሉ እኛ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ እናውቃለን። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን የሚነግረን የለም። ያን ጊዜ የምንይዘው ራሱ ፊልሙ የሰጠንን መለኪያ ነው፤ መልኩን ትተን ያወጣውን ሕግ እንመርምር፤ ሕጉንም ትተን ማን እንደ ጠገበበት እንጠይቅ። የምንወደውን መልክ ስናይ ደግሞ አጥብቀን እንጠይቅ።

አሁን ክርክሩ የእናንተ ነው።