የአፈር መግለጫ በኮምፒዩተር ቀመር እንዴት እንደሚጻፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በምዕራብ ሸዋ ሰው ፊት ቆሞ ስለ አፈር መናገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቆጠር ይሆናል። የጊንጪ ጥቁር መሬት በክረምት ከእግር አልላቀቅ የሚል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ መሆኑን ወላጆቻችን ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አፈሩ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ አፈሩ ስለሚጻፈው ወረቀት ነው።

የአፈር ባለሙያ አንድን መሬት ሲያጠና ጉድጓድ ያስቆፍርና ከላይ እስከ ታች ያለውን ድራብ በየተራው ይመረምራል። ቀለሙን ያያል፤ አርሶ በጣቱ ያሸዋል፤ አንዱ ድራብ ከሌላው የሚለይበትን ወሰን ይለካል። ሜዳ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ በረጅም ዐረፍተ ነገር መጻፍ ስለማይመች፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት በአጭር ምልክት ይመዘግበዋል። የዚህ መመሪያ 4ኛ እትም በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ለቀለም የሚያገለግለው ምልክት ደግሞ አልበርት ማንሰል የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊና የሥዕል መምህር የፈለሰፈው ነው፤ ሐሳቡን በመጽሐፍ ያወጣው በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር። ለሥዕል ተማሪዎች የታሰበው ጥበብ ዛሬ በአፈር ጉድጓድ ውስጥ ዋና መሣሪያ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ በባለሙያው ወረቀት ላይ እንዲህ ተጽፎ እናገኛለን እንበል፦ «0–30፤ 10 ዋይ አር 3/1፤ ሲ፤ ቪ ኤስ ቲ፤ ሲ»። ይህን ከባለሙያ በቀር ማን ያነበዋል? መሬቱን የሚያርሰው ሰው እንኳ ስለ ገዛ ማሳው የተጻፈውን ሊረዳ አይችልም። ሲተረጎም ግን እንዲህ ማለት ነው፦ «ከ0 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፦ እጅግ የጠቆረ ግራጫ ሸክላ አፈር፤ ሲርስ በጣም ይጣበቃል፤ ከታችኛው ድራብ ጋር ያለው ወሰን ግልጽ ሆኖ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይለያል»።

ይህን ትርጉም በእጅ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም አራትና አምስት ድራብ ሲኖር፣ የደከመ እጅ መስመር ይዘላል። ስለዚህ ሥራው ለኮምፒዩተር ይሰጣል። ለዚህም ሁለት ነገር ይበቃል፤ አንደኛው የምልክቶቹ ፍቺ የሰፈረበት ሠንጠረዥ፣ ሁለተኛው ፍቺዎቹን አገጣጥሞ ዐረፍተ ነገር የሚሠራ ቀመር። በኤክሴል ለመሥራት የሚቻል ስለሆነ ለተማሪ የሚከብድ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ ውስጥ «ሲ» የሚለው ፊደል ሁለት ጊዜ መጥቷል። በሦስተኛው ሣጥን ሸክላ ማለት ነው፤ በመጨረሻው ሣጥን ግልጽ ወሰን ማለት ነው፤ ስለ ሥሮች ብዛት በሚጻፍበት ሣጥን ቢገኝ ደግሞ መጠነኛ ማለት ይሆን ነበር። በአማርኛም «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ ምልክቱም የሚፈታው በአገባቡ ነው። እኛ በንባብ እንለየዋለን፤ ኮምፒዩተር ግን የትኛው ሣጥን እንደሆነ ካልተነገረው በቀር ሸክላውን ወሰን፣ ወሰኑንም ሸክላ ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ያማረ ስለሚሆን የሚጠረጥረው የለም።

ከዚህ የባሰው የባዶ ሣጥን ነገር ነው። አፈር ውስጥ የዝገት መልክ ያለው ነጠብጣብ ከታየ፣ ውሃ ከዓመቱ በከፊል በዚያ ድራብ ይተኛል ማለት ነው። ባለሙያው ፈልጎ ካጣው «ኤን» ብሎ ይጽፋል፤ ምንም የለም ማለቱ ነው። ነገር ግን መሽቶበት ወይም ዝናብ አባሮት ሳያይ ከቀረ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። አንዳንድ ቀመር ሠሪ መግለጫው እንዲያምር ብሎ ባዶውንም «ነጠብጣብ የለበትም» እያለ ያስጽፈዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ይህን ያነበበ ሰው መሬቱ ውሃ አይተኛበትም ብሎ ማጠንፈፊያ ቦይ ሳያወጣ ቢቀር፣ ስንዴው በክረምት ውሃ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በቀመሩ ሠሪ ላይ ሳይሆን በገበሬው ጎተራ ላይ ነው። ትክክለኛው ትእዛዝ አጭር ነው፦ «ሣጥኑ ባዶ ከሆነ “አልታየም” ጻፍ፤ “ኤን” ከሆነ “የለም” ጻፍ፤ ሌላ ከሆነ ፍቺውን ከሠንጠረዡ አምጣ»። «አልታየም» የሚለው ቃል ገጹን ያበላሸዋል የሚሉ አሉ፤ ይበላሽ!

በመጨረሻ ስለ ቋንቋ ጥቂት ልበል። ምልክቶቹ አንድ ናቸውና ከእነርሱ የአማርኛም የኦሮምኛም መግለጫ ማውጣት ይቻላል፤ ለአካባቢያችን አብዛኛው ገበሬ የሚያስፈልገውም ሁለተኛው ነው። ሆኖም ቃል በቃል መለወጥ አያዋጣም። በአማርኛ «ጥቁር አፈር» ስንል ቀለሙ ይቀድማል፤ በኦሮምኛ «ቢዬ ጉራቻ» ሲባል አፈሩ ይቀድማል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ፣ ቀመሩም ሁለት ዓይነት ሊሆን ይገባዋል። የቃላቱን ዓምድ ለመሙላት መዝገበ ቃላት ብቻ አይበቃም፤ «ኮቲቻ» እና «መረሬ» የሚባሉት አፈሮች የት ተጀምረው የት እንደሚያበቁ አብጠርጥረው የሚያውቁት እዚህ የተቀመጡት አባቶችና እናቶች ናቸው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደብተር ይዘን ብንመጣባችሁ እንዳትሰለቹን እለምናለሁ።